በእርሳስ የተሰመረ መንገድ

ሳተላይቷን ኳሷ እንላት ነበር። ፎቶ አታነሳም፣ ወሬ አታቀብልም፣ ማንንም አትሰልልም። ወደ ሰማይ የተላከችው እንድትታይ ብቻ ነው። የጠላት ሚሳይል ቢመጣ ራዳራችን ያየዋል ወይስ አያየውም? ይህን ለማወቅ ሚሳይሉ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ አንዲት ኳስ ትወነጨፋለች፤ እኛ ከባልካሽ ሐይቅ ዳር ሆነን ወርዳ እስክትቃጠል ድረስ በላያችን ባለፈች ቁጥር እንከታተላታለን። ለማለፍ ሰባት ደቂቃ ይፈጅባታል።

ስሜ ዬርሞላይ ኒካኖሪች ነው። ከጀርመን ጋር የተዋጋንበት ጦርነት ካበቃ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የወታደር ልብሴን ሳላወልቅ ባሻ ሆኜ ነበር። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የራዳሩን ማሽን የሚያበርደው ውሃ፣ ፓምፖቹና ቧንቧዎቹ በእኔ እጅ ነበሩ። ከእነሱ ሌላ አንዲት መለኪያ ተሰጥታኝ ነበር። ራዳሩ የላከው ሞገድ ኳሷን ነክቶ ሲመለስ የመለኪያዋ መርፌ ከዜሮ ትነሳለች። ካልተመለሰ ትተኛለች። ስትነሳ መዝገቡ ላይ «አለ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ።

ስለ እርሳሱ መጀመሪያ መናገር አለብኝ።

ኳሷ ስታልፍ ሁለት ሰዎች ስክሪን ላይ ያፈጣሉ። አንዱ ርቀቷን፣ ሌላው አቅጣጫዋንና ከፍታዋን ጮክ ብለው ይጠራሉ። ሻምበል ዚሚን የተጠራውን ሰምቶ በትልቅ ወረቀት ላይ በየአስር ሰከንዱ አንድ ነጥብ በቀለም ይጥላል። ቀለም ይፈሳል፣ እጅ ይቸኩላል፣ ወረቀቱ ይቆሽሻል። ከማዶ ካለው ጣቢያ ጋር ውድድር ነበረብን፤ ቀይ ባንዲራው ለማን ይሰጥ ሲባል የወረቀቱ ንጽሕናም ይታያል። ስለዚህ ዚሚን አንድ ዘዴ አመጣ። ኳሷ በየት በኩል እንደምታልፍ የሚናገር ሠንጠረዥ ቀደም ብሎ ይደርሰናል። ጠሪዎቹም ያዩታል። ዚሚን እሱን አይቶ መንገዷን ከዋዜማው በእርሳስ ቀጭን አድርጎ ያሰምራል። በማግስቱ እውነተኛዎቹ ነጥቦች ከእርሳሱ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ይወድቃሉ። በመጀመሪያ እንዲያ ነበር። ከዓመት በኋላ ነጥቦቹ እርሳሱ ላይ መውደቅ ጀመሩ። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። አርባ አንድ ጊዜ ያለ አንዳች ስሕተት ተከታተልን ተብሎ ባንዲራው እኛ ዘንድ ቀረ።

የመቶ አለቃ ሮዲዮን ቻጊን ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገር ልጅ ነው። ሚስቱ ታሲያ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በሰፈሩ ውስጥ ከሌላ ቤተሰብ ጋር አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለው ይኖሩ ነበር። በግንቦት መጀመሪያ የሁለት ክፍል ቤት ቁልፍ እንደሚሰጣቸው ኮሎኔል ዱብራቪን ቃል ገብቶላቸዋል። ታሲያ ቤቱን ከውጭ ሄዳ አይታው ነበር። «መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው፣ አባባ» ብላኛለች።

በሚያዝያ አጋማሽ ከሞስኮ አንድ ጄኔራል መጣ። ሼስታኮቭ ይባላል። ሁለት ቀን በባቡር ተጉዞ የደረሰው ጣቢያውን ፈትሾ ለዘብ ሥራ ብቁ ነው ብሎ ሊፈርም ነው። እሱ ከፈረመ ጣቢያው የአገሪቱ ዓይን ይሆናል። የዚያን ቀን ርቀት የሚጠራው መኮንን ታመመና ቻጊን በመጀመሪያው ወንበር ተቀመጠ። በሁለተኛው ወንበር አስር አለቃ ፒሊፔንኮ ነበር፤ ጥርሱን ሳያሳይ መዋል የማይችል ሰው ነው።

«ባሻ፣ ፓምፖችህ ዛሬ እንደ አማት ያጉረመርማሉ» አለኝ።

«አንተ አግብተሃል?»

«ድምፁን ሰምቼ ነው ያላገባሁት።»

ዚሚን ሳቀ። ቻጊን አልሳቀም። ኮሎኔሉና ጄኔራሉ ገቡና ከኋላቸው ቆሙ። ጄኔራሉ ሸምገል ያለ፣ አጭር ሰው ነው። የሩጫ ሰዓቱን በመዳፉ ይዟል። የዚሚን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተወጥሯል። እርሳሱ ለማያውቅ ሰው አይታይም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ሆነ።

«ዒላማ ተይዛለች!» አለ ፒሊፔንኮ። «አቅጣጫ መቶ አርባ ሁለት፣ ከፍታ አስራ ስምንት!»

ርቀቱን ለመስማት ሁሉም ጠበቀ።

«በእኔ በኩል የለችም» አለ ቻጊን።

ዚሚን ቀና ሳይል «ተመልከት» አለው።

«እየተመለከትኩ ነው፣ ጓድ ሻምበል። የለችም።»

«አቅጣጫ መቶ አርባ ሰባት፣ ከፍታ ሃያ አንድ!»

ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ቻጊን፣ ዓይንህን ክፈት» አለው።

«ክፍት ነው።»

እኔ ከሚለየን የመስታወት ግድግዳ ወዲህ፣ ከማሽኖቹ ክፍል ነበርኩ። በሩ ስለተከፈተ ሁሉንም እሰማለሁ። መርፌዋን አየኋት። ተኝታለች። ፒሊፔንኮ እንደገና ሲጠራ እንደገና አየኋት። የተነቃነቀች መሰለኝ። ፓምፕ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው መርፌ ይርገበገባል፤ ይህን በጣቢያው ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ግን ዚሚን እየጻፈ ነው። ፒሊፔንኮ እየጠራ ነው። «አለ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ዚሚን ርቀቱን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ነጥቦቹ ግን አንድም ሳይጎድል ተሞልተዋል።

ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ ጄኔራሉ ሰዓቱን አቆመ፤ የዚሚንን ወረቀትና የእኔን መዝገብ አየ።

«ሦስት ሰው አይቷል፣ አንድ ሰው አላየም» አለ። ድምፁ ቁጣ የለውም። «የመቶ አለቃ፣ መሳሪያህ ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም፣ ጓድ ጄኔራል።»

«ታመሃል?»

«ደህና ነኝ። ሰማዩ ባዶ ነበር።»

ኮሎኔሉ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። አርባ አንድ ጊዜ ተሳክቶ በአርባ ሁለተኛው፣ ያውም ከሞስኮ በመጣ ሰው ፊት። «ቀበቶህን ፍታ!» ብሎ ጮኸ፤ ታስረሃል ማለት ነው። ቻጊን ቀበቶውን ፈትቶ ለኮሎኔሉ አቀበለው። በስንት ዓመት አገልግሎቴ በስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሲፈታ አላየሁም። የዘብ ቤቱ እስር ክፍል ወሰዱት።

በምሳ ሰዓት ኮሎኔሉ ጠራኝ።

«ያ ልጅ ይሰማሃል። ሂድና አናግረው። በዘጠኝ ሰዓት ጄኔራሉ ይፈርማል፤ አላየሁም የሚል ሰው ካለ ግን አይፈርምም። አይቼ ነበር፣ ተጠራጥሬ ዝም አልኩ ብሎ ይጻፍ። ከጻፈ ተግሣጽ ብቻ ነው። እምቢ ካለ ግን ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቤቱም ቀረ።»

«እሺ፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«ባሻ፣ መርፌህ ተነስታ ነበር አይደል?»

«ጽፌያለሁ» አልኩት።

ጥቁር ዳቦና የደረቀ ዓሣ ይዤ ሄድኩ። ሻዩን በብርጭቆ ይዤው ስለነበር ነፋሱ አቧራ ጨመረበት። ቻጊን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓሣውን አልነካም።

«ኒካኖሪች፣ አንተ አየሃት?»

«መርፌዋ ተነሳች።»

«በደንብ?»

«ተነሳች አልኩህ እኮ።»

«ፒሊፔንኮስ? በእውነት አይቷል?» አለኝ።

«ሲጠራ አልሰማህም? ስማኝ፣ ልጄ። ሦስት ሰው አየሁ ብሎ አንድ ሰው የለም ካለ፣ የተሳሳተው ማን ነው? አንድ ሌሊት ያልተኛ ዓይን ይጋረዳል። ታሲያ ትናንት ሌሊቱን ስታቃስት አላደረችም?»

«አድራለች።»

«ታዲያ አንተ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?»

«አልወሰደኝም።»

«ይኸው። አሁን ሆዷን ይዛ፣ ሻንጣ አሸክመህ የት ልትወስዳት ነው? መጋረጃው ውስጥ ልትወልድ ነው? ወረቀቱን አምጣ፣ ሦስት መስመር ነው።»

ክፋት አልነበረብኝም። ይህን የምለው እንዲምሩኝ ብዬ አይደለም፤ እንዲያ ስለነበር ነው። ልጁን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

መጻፍ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። እኔ የነገርኩት «በደበዘዘ ሁኔታ አየሁ፣ ግን ተጠራጠርኩ» የሚለውን ብቻ ነው። እሱ ግን አላቆመም። ብዕሩን አንስቶ ግድግዳውን አየና «ከታች በግራ በኩል ነበረች» አለ። «ትንሽ ነጥብ። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች። ከዚያ ወደ መሃል መጣች።»

«ይህን እኔ አልነገርኩህም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለና ጻፈው።

ወረቀቱን አጥፌ በደረት ኪሴ ከተትኩት። ስወጣ ዓሣውን መላጥ ጀምሮ ነበር። ደስ አለኝ።

በዘጠኝ ሰዓት በኮሎኔሉ ቢሮ ተሰበሰብን። ጄኔራሉ፣ ኮሎኔሉ፣ ዚሚን፣ ፒሊፔንኮ፣ እኔ። የቻጊንን ወረቀት ለጄኔራሉ በእጄ ሰጠሁት። አነበበና በጎን አኖረው። የዚሚንን ትልቅ ወረቀት ዘረጋ። «ቆንጆ እጅ አለህ፣ ሻምበል» አለ። ዚሚን ቀላ። ጄኔራሉ የብዕሩን ክዳን ፈታ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኩልያሽ ናት፤ የምስጢር ክፍሉ ኃላፊ። የዚያው አገር ልጅ፣ ካዛክ ነች፤ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። የምስጢር ካዝናውን ከእሷ በቀር ማንም አይከፍትም፤ በየምሽቱ በሩ ላይ ጭቃ ለጥፋ ማኅተሟን ታሳርፍበታለች። ከትናንት በስቲያ አጎቷ ሞቶ ለቀብር ሄዳ ነበር። እሷ በሌለችበት የመጣ የምስጢር ቴሌግራም ሁሉ እንደታሸገ በካዝናው ቀዳዳ ይገባል፤ እስክትመለስ ማንም አይነካውም። ደንቡ ይህ ነው። የለቅሶ ሻሿን እንኳ አልፈታችም። ጣቶቿ ላይ የማኅተሙ ጭቃ ነበር።

«ጓድ ኮሎኔል፣ ይቅርታ። ይህ ትናንት በአስራ አንድ ሰዓት የገባ ነው። አስቸኳይ ይላል።»

ኮሎኔሉ ተቀብሎ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ወረቀቱን ለጄኔራሉ ሲሰጥ ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ነክቶ ሻዩ ፈሰሰ። ማንም አልጠረገውም።

ጄኔራሉ ጮክ ብሎ አነበበው። «ዒላማችሁ ዛሬ ጠዋት ወደ ምድር አየር ወርዳ ተቃጥላለች። የነገው ክትትል ተሰርዟል። አዲስ ቀን ይገለጻል።»

ቴሌግራሙ የትናንት ስለሆነ፣ የነገው ማለት የዛሬው ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በላያችን ያለፈ ነገር አልነበረም። ሰማዩ ባዶ ነበር። ኳሷ ከዚያ ቀደም ብላ አመድ ሆናለች።

በጦርነቱ ጊዜ ከጎኔ የቆመ ሰው ድንገት ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ፒሊፔንኮን አየሁት። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቋል፤ ማጥፋት ረስቶታል። ዚሚን የራሱን ወረቀት ያያል። አርባ ሦስት ነጥብ፣ አንድም ያልጎደለ።

«ስልክ መደወል አይችሉም ነበር?» አለ ኮሎኔሉ በቀጭን ድምፅ።

«ምስጢር በስልክ አይነገርም» አለች ኩልያሽ። «ደንብ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«ውጪ» አላት ጄኔራሉ። ወጣች።

ከዚያ ወደ ፒሊፔንኮ ዞረ። «ምን አየህ?»

«ዒላማዋን፣ ጓድ ጄኔራል።»

«የቱን ዒላማ?»

«…አየሁ። እምላለሁ አየሁ። እዚያ ነበረች።» ድምፁ የሕፃን ሆነ። የሚዋሽ እንደማይመስል አየሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲያ አልደነግጥም ነበር።

«አንተስ፣ ሻምበል? ርቀቱን ማን ነገረህ?»

ጄኔራሉ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከቀለሙ ስር ያለውን የእርሳስ መስመር ያኔ አየው። ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አስኬደበት።

«አንድ ሰው ነበረን» አለ። «አንድ እውነት የተናገረ ሰው።» በጎን ያኖረውን የቻጊንን ወረቀት አነሳ፤ እንደገና አነበበው። «ከታች በግራ በኩል፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ… እሱም አይቷል። ጥሩት።»

ቻጊን ያለ ቀበቶ ገባ። ጄኔራሉ ቴሌግራሙን ሰጠው። አነበበ። እፎይ የሚል መስሎኝ ጠበቅኩ። አላለም።

«ጠዋት ሰማዩ ባዶ ነው አልክ። በምሳ ሰዓት አይቻለሁ ብለህ ጻፍክ። የቱ ነው እውነቱ?»

«አላውቅም፣ ጓድ ጄኔራል።»

ያን ጊዜ ተነስቼ ቆምኩ። «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አልኩ።

«በግድ?»

«በምክር።»

«በምክር» ብሎ ደገመው። «አንተ ምን አየህ፣ ባሻ?»

«መርፌዋ ተኝታ ነበር።»

«ለምን አለ ብለህ ጻፍክ?»

«ሌሎቹ ስላሉ።»

ኮሎኔሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጄኔራሉ ቆሞ ሳለ መቀመጥ አይገባውም ነበር፤ ግን ተቀመጠ። ጄኔራሉ እሱን አላየውም። ቻጊንን ነበር የሚያየው።

«ሰምተሃል፣ የመቶ አለቃ። አስጽፎህ ነው። አሁን ንገረኝ። ጠዋት ያልከው ትክክል ነበር?»

ቻጊን ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «ጠዋት አላየኋትም። ስጽፍ ግን አየኋት። አሁን ስክሪኑን ሳስበው እዚያ አለች። ከታች በግራ። ሳስበው ሁሌ እዚያ ናት።»

ጄኔራሉ የብዕሩን ክዳን መልሶ ገጠመ። ሳይፈርም በማታው ባቡር ሄደ። ትልቁን ወረቀት ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ነበር።

ኮሎኔሉ በሳምንቱ ከሥልጣኑ ተነሳ። ቀይ ባንዲራው ወደ ማዶ ጣቢያ ተሻገረ። የእኔ ማዕረግ አንድ ዝቅ ብሎ መለኪያዋን ለሌላ ሰው ሰጧት፤ ፓምፖቹ ቀሩልኝ። ዚሚንና ፒሊፔንኮ ተግሣጽ ተጽፎባቸው እዚያው ቆዩ፤ በእነሱ ቦታ የሚቀመጥ የሰለጠነ ሰው አልነበረም። ቻጊንን ግን ሐኪም መረመረው። ዓይኑ ጤነኛ ነው ተባለ። አዲስ ኳስ ተልካ በልምምድ ላይ ስታልፍ ስክሪኑ ፊት አስቀመጡት። ነጥቧ እንደ ክብሪት ደምቃ ነበር አሉ። እሱ ሰባቱን ደቂቃ በሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ጨረሰ። አየህ ወይ ሲሉት «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ወደ ሰሜን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ወዳለበት የጦር ክፍል አዛወሩት። ሐይቁን የሚያየው ቤት ለሌላ ተሰጠ።

ባቡር ጣቢያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ታሲያ ቀድማ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ አላየችኝም ወይም ማየት አልፈለገችም። ሻንጣውን አቀበልኩት። አንዱን እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ቆመ።

«ኒካኖሪች፣ አንተ አትዋሸኝም።»

«አልዋሽህም። ወድቃ ነበር። ስክሪኑ ባዶ ነበር፤ ከዋዜማው ጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ባዶ ነበር። ትክክል የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።»

«ይህንማ ቴሌግራሙም ነግሮኛል» አለ። «እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እኔ ያን ቀን ምን አየሁ?»

ባቡሩ ነቅነቅ አለ። የባቡሩ አስተናጋጅ ገፋ አድርጋ አስገባችውና በሩን ዘጋች።